ለትንሹ ድራም ኮር በልኩ ይሰፋለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን በሃይስኩል ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋሉ፣ ከበሮ ይመታሉ። ከእነሱ መካከል ነገሩ በጣም የያዛቸው ሰመር ሲመጣ ድራም ኮር ይገባሉ። ወላጆች ስታዲየም ሄደው ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመለሳሉ፦ “የኛ ልጆች 45 ናቸው፤ ቀጥሎ የወጣው ቡድን 150 ነው። ይኼ ምን ዓይነት ውድድር ነው?” ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዝርዝር እንድንመልስበት ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። የእኛ እምነት አጭር ነው። ትንሽ ኮር ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ሰው ስላነሰው ሳይሆን የትልቁን ትርኢት ቀንሶ ለመሥራት ስለሚሞክር ነው። ሰው ማነሱ የሚያመጣው ጉዳት ግን የለም አንልም፤ አለ፣ የቱ ጋ እንዳለም ማወቅ ይጠቅማል።

ለማያውቁት አንባቢዎች፣ ድራም ኮር ከማርሽ ባንድ የሚለየው ክላርኔት፣ ፍሉትና ሳክስፎን ስለሌለው ነው። የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ከበሮዎች፣ እንዲሁም ባንዲራ፣ የእንጨት ጠመንጃና ሰይፍ እየወረወሩ የሚጨፍሩ ከለር ጋርዶች ናቸው ያሉት። በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተራመዱና እየሮጡ 11 ደቂቃ ገደማ ይጫወታሉ። ትልቁን የወጣቶች ውድድር የሚያዘጋጀው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል፣ ባጭሩ ዲ.ሲ.አይ. ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1972 በዊስኮንሲኗ ዋይትዋተር ተደረገ፤ ከ2009 ወዲህ ደግሞ የማጠቃለያው ቦታ ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ኮር ሜዳ ላይ ማሰለፍ የሚችለው 128 ሰው ነበር። ከዚያ 135 ሆነ፣ 150 ሆነ፣ አሁን ከዚያም አልፏል። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ትልልቆቹ ይሞሉታል፤ 40 እና 50 ልጅ ይዞ የሚወጣው ግን ያው 40 እና 50 ነው። ልዩነቱ እየሰፋ የመጣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። አጠቃላይ ውጤቱ ከ100 ነው። 40ው “ጄኔራል ኢፌክት” ለሚባለው፣ ማለትም ትርኢቱ በተመልካቹ ላይ ለሚያሳድረው ስሜት ይሰጣል። 30 ለእንቅስቃሴና ለዕይታ፣ 30 ለሙዚቃ ነው። ሙዚቃው ውስጥ የትንፋሽ፣ የከበሮና የሙዚቃ አጠቃላይ ትንተና ዳኞች እያንዳንዳቸው ከ20 ይሰጡና ድምሩ ለሁለት ይካፈላል፤ የዕይታውም አሠራር ተመሳሳይ ነው። ዳኛው የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ልጆቹ ምን ያህል ከባድ ነገር ተሰጣቸው፣ የተሰጣቸውንስ ምን ያህል አሳክተው ሠሩት። “ስንት ናችሁ” የሚል ሣጥን የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ቁጥር የሚገባው በጓሮ በር ነው።

ድምፅን እንውሰድ። ከትልቁ ኮር በኩል 72 ነፊ፣ ከትንሹ በኩል 18 አለ እንበል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የድምፅ ሕግ ግን እንደ ሂሳብ ማባዣ አይሄድም። ነፊው በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ አራት እጥፉ 6 ዴሲቤል ነው። ይኼ በጆሮ በደንብ የሚለይ ልዩነት ቢሆንም ሰዎች እንደሚፈሩት ሰማይና ምድር አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው 18ቱ ልጆች ያንን 6 ዴሲቤል በሳንባቸው ሊሞሉ ሲነሡ ነው። ከአቅም በላይ የተነፋ ትራምፔት ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቃናው ከጓደኞቹ ወደ ላይ ይሸሻል። ከ72 አንዱ ሲሳሳት ስህተቱ ከሰባ አንዱ ድምፅ ሥር ይደበቃል፤ ከ18 አንዱ ሲሳሳት ግን ሁሉም ሰማው ማለት ነው። መፍትሔው እግር ላይ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ዳኛው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ርቀቱን በትክክል በግማሽ መቁረጥ ባይቻልም፣ ትልቁን ድምፅ የሚፈልገውን ክፍል ከኋላ መስመር ላይ ከማስነፋት ወደ ፊት መስመር አስጠግቶ ማስነፋት ከጎደለው ብዙውን ይመልሳል።

ሁለተኛው የድምፅ ጣጣ ትንፋሽ መውሰድ ነው፤ ይኼን ከልባችሁ ስሙን፣ ብዙ ትንንሽ ኮሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ለትልቅ ኮር የተጻፈ ሙዚቃ ትራምፔቱን ለሦስት፣ መካከለኛ ድምፅ ያለውን ሜሎፎን ለሁለት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ያላቸውን ባሪቶንና ዩፎኒየም ለሦስት ለአራት ይከፍላል። ከሁሉ ወፍራም ድምፅ ያለው ቱባ ሲጨመር ዘጠኝና አሥር የተለያየ ድምፅ ይሆናል። 18 ሰው ለአሥር ሲካፈል ለአንዱ ድምፅ ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም። ረጅም ኮርድ (አብረው የሚሰሙ የተለያዩ ድምፆች) ተይዞ 16 ቆጠራ ሲሄድ ነፊዎቹ በየተራ እንዲተነፍሱ ቢያንስ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ላይ ያስፈልጋል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲተነፍስ ድምፁ ግማሽ ይሆናል። አንድ ከሆነ ኮርዱ ውስጥ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ዳኛውም በድምፅ መቅጃው ላይ ይናገረዋል። ስለዚህ አቀናባሪው ከመጀመሪያው ለአምስትና ለስድስት ድምፅ ይጻፍ። ስድስት ትራምፔት በሁለት፣ አራት ሜሎፎን በአንድ፣ አምስት ባሪቶን በሁለት፣ ሦስት ቱባ ሳይከፈል ቢሆን ደህና መሠረት ነው። ረጅሙ ኮርድ በ8 ቆጠራ ተቆርጦ ሁሉም አብረው ይተንፍሱ፣ በመካከል ያለችውን ባዶ ስኔሩ (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ይሙላት። የተገዛ ቅንብር ላይ የማይችሉትን በእርሳስ እየሰረዙ መሄድ ግን ችግሩን አይፈታም፤ የተሰረዘው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ኮርዱን ኮርድ የሚያደርገው ሆኖ ይገኛል።

ሜዳው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ርዝመቱ 100 ያርድ፣ ስፋቱ ከ53 ያርድ ጥቂት ይበልጣል። 150 ሰው ሲበተንበት ለአንድ ሰው ወደ 36 ካሬ ያርድ ይደርሳል። 45 ሰው ሲበተንበት ከ118 በላይ ይሆናል። ዓይን በባዶ ሣር ላይ ይንከራተታል፤ ልጆቹ የቱንም ያህል ቢለፉ ተመልካች የሚያየው ሣር ነው። የተለመደው እርምጃ በ5 ያርድ ስምንት ሲሆን አንዱ እርምጃ 22.5 ኢንች ነው። 18 ነፊዎች በአራት እርምጃ ልዩነት በአንድ መስመር ሲቆሙ 42.5 ያርድ ይይዛሉ፤ በሁለት እርምጃ ሲቆሙ 21 ያርድ ከሩብ። ሁለተኛው ቁጥር ነው ለትንሽ ኮር የሚሆነው። ሜዳውን በሐሳብ ቆርጦ ከግራው 35 እስከ ቀኙ 35 ያርድ፣ ከፊት መስመር እስከ ፊተኛው ሃሽ (ሜዳውን በርዝመቱ ከሚከፍሉት ሁለት የጭረት መስመሮች ወደ ፊት ያለው) ድረስ ያለውን ብቻ እንደ መድረክ መያዝ ያዋጣል። ከዚያ የሚወጣው ለአንድ ለሁለት ጊዜ፣ ሆን ተብሎ፣ ከለር ጋርዱ ወይም አንድ ሶሎ ነፊ ብቻውን ሲርቅ ይሁን። በዚያች ጠባብ ቦታ 45 ሰው ሙሉ ይመስላል።

መድረኩን ከኋላ ለመዝጋት የሸራ ወይም የሰሌዳ ግድግዳ ማቆም ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ነፋስን ሳያስቡ የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ስድስት ጫማ ከፍታ ያለው ሸራ እንደ ሸራ ጀልባ ነው የሚሆነው። የታችኛው እግሩ ቢያንስ የከፍታውን ያህል ወደ ኋላ ካልረዘመና የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነበት በመጀመሪያው ነፋሻማ ምሽት ልጅ ላይ ይወድቃል። ጎማዎቹም ለሣር የሚሆኑ ሰፋፊና በአየር የሚነፉ ይሁኑ፤ የቢሮ ወንበር ዓይነት ትንንሽ ጎማ ሰው ሠራሽ ሣር ውስጥ ይቀበራል።

ጠባብ መድረክ ሌላም በረከት አለው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 1,125 ጫማ ይጓዛል። ሁለት ሰዎች በ30 ያርድ ሲራራቁ የአንዱ ድምፅ ለሌላው የሚደርሰው 80 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 180 በሚመታ ፍጥነት ይኼ የአንዱን ምት ሩብ ያህላል፤ ሙዚቃው ተቀደደ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከኋላ ያለው ሙዚቃውን በእጁ የሚመራውን የድራም ሜጀሩን እጅ ይመልከት፣ ከፊት ያለው ከኋላው የሚመጣውን ያድምጥ የሚለው ሕግ ለሁሉም ኮር ይሠራል። የተጠጋጋ ኮር ግን ችግሩን ከመነሻው ያሳንሰዋል።

ስለ ጎደለ ሰው እንናገር። በትልቅ ኮር ውስጥ አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር ተጠባባቂ ይገባል። ትንሹ ተጠባባቂ የለውም። ድሪሉ፣ ማለትም ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚሠሩት የሰልፍ ቅርጽና እንቅስቃሴ፣ በቀጥተኛ መስመርና በካሬ ከተሠራ የጎደለው ቦታ ከሰገነት ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ድሪል ጸሐፊው በቅስትና በተዘበራረቀ ቅርጽ ካበዛው ግራና ቀኝ ያሉት ግማሽ እርምጃ ተጠግተው ይዘጉታል። ካሬ ግድ ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚቆሙት በጤናም በመገኘትም የታመኑት ልጆች ይሁኑ፣ ምክንያቱም መሐል የጎደለ ይሸፈናል፣ ማዕዘን የጎደለ አይሸፈንም።

ከበሮ ላይ ትንሽ መሆን እንዲያውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ዘጠኝ ስኔር እንደ አንድ እጅ ማስመታት የወራት ሥራ ነው፣ ሦስቱን ማስማማት ይቀላል። ንጽሕና ደግሞ ነጥብ አለው። አራተኛ ደካማ መቺ ጨምሮ መስመሩን ከማደፍረስ ሦስት ይዞ መውጣት ይሻላል፣ ያንን አራተኛ ልጅ ሲምባል ወይም ፒት (ሜዳው ፊት ቆሞ የሚጫወተው ክፍል) ላይ ማሠልጠን ለእሱም ለኮሩም ይበጃል። መቺዎቹ ዜማውን ተከፋፍለው የሚመቱት ትልቁ ከበሮ፣ ቤዝ ድራም፣ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአምስት የተጻፈ ዜማ በአራት ሰው ሲመታ አምስተኛው ድምፅ ዝም ብሎ ይጎድላል፣ ሩጫው በመካከል እንደ ሰከረ ይሰናከላል። ለአራት እንደገና ይጻፍ፤ የከበሮዎቹም መጠን በደንብ ተራርቆ ይመረጥ፣ ለምሳሌ 18፣ 22፣ 26 እና 30 ኢንች፣ ጆሮ አንዱን ከሌላው እንዲለይ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን የተመሩት አርባ ልጆች የአገራችንን የነሐስ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። አርባ ነበሩ። ዛሬ አርባ ልጅ ያለው ኮር “ይኼማ ምን ኮር ይባላል” ሲባል ስንሰማ የሚከነክነን ለዚህ ነው።

ፒት የሚባለው ፊት ላይ የሚቆመው የማሪምባና የቫይብራፎን (በዱላ የሚመቱ የእንጨትና የብረት ዘንጎች ያሏቸው መሣሪያዎች) ክፍል እ.ኤ.አ. በ2004 ድምፅ ማጉያ ተፈቀደለት፣ በ2009 ደግሞ ሲንተሳይዘርና ሌላውም ኤሌክትሮኒክ ተጨመረ። ይኼ ለትንሹ ግማሽ ዕርዳታ ግማሽ ወጥመድ ነው። አንዲት ማሪምባ በሁለት ማይክሮፎን ስታዲየም ሙሉ ትሰማለች፤ ድሮ አራት ያስፈልግ ነበር። ወጥመዱ የጎደለውን ቱባ በሲንተሳይዘር ቤዝ ለመሙላት መሞከር ነው። ትንሽ ከተጨመረ መሠረት ይሆናል፤ ከበዛ 18ቱን ነፊዎች ውጦ ዳኛው ልጆቹን መስማት ያቅተዋል፣ ያልሰማውን ደግሞ አይመዝንም። ሌላው ብልሽት የሚመጣው በገመድ ነው። ሜዳ ለመግባትና ለመውጣት የሚሰጠው ጊዜ የተቆጠረ ነው፣ ካለፈ ነጥብ ይቆረጣል፣ ትንሽ ኮር ደግሞ የሚገፋለት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሚክሰሩ፣ የማይክ መቀበያውና የኃይል ምንጩ በአንድ ጋሪ ላይ ቀድመው ተገናኝተው ይቆለፉ፤ ሜዳ ላይ የሚሰካው ወደ ስፒከር የሚሄደው ብቻ ይሁን። ገመዶቹ በሁለት ቀለም ቴፕ ግራና ቀኝ ተብለው ይለዩ። በር ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ማይክ በጣት መታ እያደረጉ መብራቱን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያልተሞከረ ባትሪ ግን አንድ ሙሉ ትርኢት ያበላሻል።

ሙቀትንም ማንም አያስበውም። በተለመደው አሠራር ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ቀድሞ ነው የሚወጣው፤ ትንሹ ኮር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጫወታል፣ ትልቁ በመብራት። አየር ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የነሐስ መሣሪያ ቃና በስሌት እስከ 30 ሴንት፣ ማለትም ከግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛ ገደማ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። የነፊው ትንፋሽ ውስጡን ስለሚያሞቀው በተግባር ከዚህ ያነሰ ነው፣ ግን ይሰማል። ሲንተሳይዘሩ ካለበት አይነቃነቅም፣ ማሪምባዋ ደግሞ በሙቀት በትንሹ ትወርዳለች። ውጤቱ ፒቱ አንድ አገር፣ ነፊው ሌላ አገር መሆን ነው። ጥላ ሥር ቆሞ ቃና አስተካክሎ ፀሐይ ላይ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። የመጨረሻው ማስተካከያ ፀሐይ ላይ፣ ከሙዚቃው በፊት ባሉት ደቂቃዎች ይደረግ። ትራምፔት ላይ ያ 30 ሴንት ሙሉ በሙሉ ቢመጣ የማስተካከያውን ቱቦ 13 ሚሊሜትር ያህል መሳብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለልጆቹ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ያለውን በቱቦው ላይ በቀጭን ምልክት አድርጎ ማስተማር ያግዛል።

የመሣሪያ ግዢ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እስከ 2000 ድረስ ኮሮች የሚነፉት በጂ ቃና የተሠሩ ቢዩግል የሚባሉ የነሐስ መለከቶችን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቃና ተፈቅዷል። አሮጌዎቹ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ያጓጓሉ። ልጁ ግን በትምህርት ቤቱ የሚነፋው ቢ ፍላት ትራምፔት ነው፣ ቅንብሩም ለዚያ ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ቀላቅሎ ማሰለፍ በየልምምዱ ራስ ምታት ነው። ይልቅ ትልልቆቹ ኮሮች ወቅቱ ሲያልቅ የሚሸጧቸውን በአንድ ሰመር የተነፋባቸውን መግዛት ያዋጣል፤ ሲገዙ ቫልቩ በቀላሉ መውጣት መግባቱን፣ የማስተካከያ ቱቦው አለመጣበቁን፣ የተበየደው መጋጠሚያ አየር አለማስወጣቱን የመሣሪያውን ሰፊ አፍ ዘግቶ በመንፋት መፈተሽ ነው።

ገንዘብ ትልልቆቹንም አልማረም። ከ1967 ጀምሮ የነበረው የካሊፎርኒያው ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ በገንዘብ ችግር የ2023ን ውድድር ሳይሳተፍ አለፈው። በ1934 የተመሠረተው ካዴትስ በ2024 ሥራውን አቆመ። በትንሽ ኮር ውስጥ ያለው ልዩነት የሚሸሽበት መጠባበቂያ አለመኖሩ ነው። አንድ አውቶቡስ ካላቸው እሱ ሲበላሽ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው። ምግቡን ብቻ ብናሰላ፣ 45 ልጆችና 15 አሠልጣኝና ረዳት 60 ሰው ናቸው። በልምምድ ቀን አራት ጊዜ ይበላል፣ 240 ሳህን በቀን። ስለዚህ ትንሽ ኮር ሙሉ ሰመር አገር ለአገር ከመዞር ቅዳሜና እሑድን በአቅራቢያው እየተወዳደረ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ ቢጓዝ ይሻለዋል ባዮች ነን። የሚያጣው ብዙ ዳኛ ፊት የመቅረብ ዕድል ነው፤ የሚያተርፈው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት መኖር።

ከሁሉ የሚያመው የልጅ መሄድ ነው። ትንሹ ኮር ያልተማረውን ልጅ ተቀብሎ መርገጥና መንፋት ያስተምራል፤ ልጁ ሲበስል ትልቁ ይወስደዋል። በኦፕን ክላስ፣ ማለትም በሁለተኛው ምድብ፣ እንደ ብሉ ዴቭልስ ቢ ያሉ የትልልቅ ድርጅቶች ታናናሾች ስላሉ ትንሹ እዚያም ቢሆን የሚገናኘው ከእኩያው ጋር ብቻ አይደለም። ልጅ ማደግ ይፈልጋል፣ እኛም አንከለክልም። ወላጆችን የምንለምነው ስለ ጊዜው ብቻ ነው። የሚሄድ ልጅ ክረምት ላይ በሚደረጉት የልምምድ ካምፖች ወቅት ይናገር። ድሪሉ ከተጻፈ በኋላ፣ በሰኔ፣ የወጣ አንድ ቱባ ነፊ ከሦስት አንዱን መሠረት ይዞ ነው የሚሄደው።

ማኅበረሰባችን ሊረዳ የሚችልበት መንገድ ከገንዘብ በላይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ብቻ ስንት ወገን የከባድ መኪናና የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አለው! ትንሽ ኮር ከሁሉ በፊት የሚያጣው መሣሪያ የጫነውን መኪና ሌሊት የሚነዳ፣ ፈቃዱ የተሟላ፣ እንቅልፉን የጠገበ ሰው ነው። በየደብሩ ለሁለት መቶ ሰው ጸበል ጻድቅ የሚያዘጋጁ እናቶች ደግሞ የኮር ማዕድ ቤት ምን እንደሚፈልግ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሻምፒዮናው በኦገስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ፍልሰታ ጾም በሚገባበት ሰሞን ነው የሚውለው። የሚጾም ልጅ ካለ ለማዕድ ቤቱ ኃላፊ በሰኔ ይነገረው፣ ምስርና ሽምብራ ተገዝቶ ይጫን። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ደረቅ ዳቦ ብቻ በልቶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ጾሙን ማማረር አይገባም፤ ጥፋቱ ቀድሞ ያልተናገረው ወላጅ ነው።

በመጨረሻም ለተመልካች አንድ ልመና አለን። ትኬቱ ለሁሉም ኮር አንድ ነው፣ ሰው ግን ትልልቆቹ ሲደርሱ ነው የሚገባው። ትንንሾቹ በሩ እንደተከፈተ ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታሉ። ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ በሁለቱ 35 ያርድ መስመሮች መካከል፣ ከታች ሳይሆን ከፍ ብሎ ካለው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ድሪሉ የሚነበበው ከዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንገኝ የሰልፍ ሙዚቃ አሠልጣኞችና ወላጆች